ለሂክማ ጥንቸሎች ቅጠል ፍለጋ

ማክሰኞ፣ ጥር 5። ጠዋት

ግማሽ ፌስታል ብቻ። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለውን ቦይ ከላይ እስከ ታች ሄድኩበት። ባለፈው ሳምንት አረንጓዴ የነበረው ቦታ ዛሬ የፍየል ኮቴ ነው። ሰርዶው ደርቆ ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል። የወፍ አንቁር የሚሉትን ቅጠል ከድንጋይ ሥር በጣቴ ፈልቅቄ አወጣሁ። ጥፍሬ ውስጥ አፈር፣ ከአፈሩ ሥር ደግሞ የትናንቱ ሰማያዊ ቀለም።

ሦስቱም ሽቦውን ይዘው ቆመው ይጠብቁኛል። አዲ ነጯ፣ ጉራቻ ጥቁሩ፣ ቡሬ ዥጉርጉሯ። ስም ያወጣችላቸው ልጄ ሂክማ ናት፤ በየመልካቸው፣ በኦሮምኛ። ያመጣሁትን ጨርሰው እንደገና እጄን ያያሉ። እጄ ባዶ ነው።

ጎመን ግዛላቸው ይለኛል ሰው ሁሉ። ገዛሁ። ሆዳቸው ተነፋ፣ አስቀመጣቸው፣ ጉራቻ ሊሞትብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከለመዱት የዱር ቅጠል ውጪ አልሞክርም።

ባለቤቴ ዘይነባ ከአዲስ አበባ፣ ከሆስፒታል ደወለች። የሂክማ ትኩሳት አልወረደም። ትኩሳት እያለ ልቧን አይከፍቱም። ስለዚህ ቀዶ ጥገናው አሁንም ቀን የለውም። ልጄ ዐሥር ዓመቷ ነው ደብተሬ፤ ደረጃ ስትወጣ እንደ አሮጊት ግድግዳ ይዛ ትቆማለች። ከጉሮሮ ሕመም የተነሳ ነው አሉን። ሞቅ ያለ ነገር አጠጥተን የረሳነው ጉሮሮ ልቧ ድረስ ወርዷል።

ሆ/ል የሚፈቅደው አንድ አስታማሚ ነው። እናቷ እዚያ ናት። እኔ እዚህ ጭሮ ታፔላ እጽፋለሁ፣ ጥንቸል እቀልባለሁ። ስትሄድ አደራ ያለችኝ እነሱን ነው። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

ሐሙስ፣ ጥር 7። ከሰዓት በኋላ

ቅጠል አላውቅም። ዛሬ ነው የገባኝ። ድሮ ሂ.ን አዝዬ ነበር ዳገቱን የምንወጣው፤ በእግሯ አትችልም። ከጀርባዬ ላይ ሆና በጣቷ ትጠቁማለች፣ እኔ አጭዳለሁ። አሁን ጀርባዬ አለ፣ ጣቷ የለም።

ያጠራጠረኝን ሁሉ ፎቶ አንስቼ በስልክ ላክሁላት። መልሱ በድምፅ መጣ።

«አባ፣ የመጀመሪያው ጎርጠብ ነው፣ ይወዱታል። ሁለተኛው አይሆንም፣ ያሳክካቸዋል። ሦስተኛው ፋራሚሲሳ ነው። እሱን እንኳ አታውቅም?»

በየመሃሉ ትተነፍሳለች። ደጋግሜ ሰማሁት። ቅጠሉን ለማወቅ አይደለም፣ ትንፋሿን ለመስማት ነው።

ፋራሚሲሳን ማን ያጣዋል። በዚህ ድርቅ የሚያምርበት እሱ ብቻ ነው። ነጭ አበባውን አድርጎ መንገድ ዳር፣ ማሽላ ማሳ፣ የመቃብር ቦታ ሳይቀር ሞልቶታል። የኦሮምኛ ስሙ «አስፈርም» ማለት ነው፤ መሬትህን አስፈርሞ ይወስድብሃል እንደማለት። ከብት አይቀምሰውም። አገሩ አረንጓዴ ሆኖ የሚበላ የለም።

እሑድ፣ ጥር 10

ቡሬ ከሆዷ ፀጉር እየነጨች ጥግ ላይ ትከምራለች። ታመመች ብዬ ደነገጥሁ። ለሂ. ደወልሁ፤ ልትወልድ ነው አባ፣ ሣጥን አስገባላት፣ ደረቅ ሣር አድርግበት አለችኝ። ድምጿ ከፍ አለ። ዘይነባ ከጎን ሆና ቀስ በይ ስትላት ይሰማኛል። ሣጥን ሠራሁ። የድሮ ታፔላ ጣውላ ነው፤ በአንዱ ጎን «ምግብ ቤት» ይላል።

ጎረቤቴ እማማ ጥሩነሽ ነጭ ለብሰው ወደ ከተራ ሲወርዱ በሩ ላይ ቆሙ። ጥንቸሎቹን አይነኩም። ለእሳቸው ሃይማኖት የሚበላ እንስሳ አይደለም፤ መንካቱን ግን ማንም አልከለከላቸውም፣ ዓይናቸው ነው የሚያስፈራኝ ይላሉ። ስለ ሂ. ጠየቁኝ። ለታቦቱ እነግርላታለሁ አሉ። አሚን አልኳቸው።

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ምንም። የወንዙን ዳር፣ የት/ቤቱን አጥር፣ የወፍጮ ቤቱን ጓሮ ዞርኩ። ደረቅ አገዳ ሰጠኋቸው፤ አዲ አኝካ ተፋችው። ጎናቸው ገብቷል፤ ስዳብሳቸው አጥንት ነው። የምትወልደዋ እንዴት ትሁን።

ትኩሳቱ ትናንት ወርዶ ነበር፣ ማታ ተመለሰ። ዘ. ስትነግረኝ ድምጿ ደረቅ ነው። አልቅሳ ጨርሳ እንደደወለች አውቃለሁ።

ነገ ገለምሶ ሥራ አለኝ። የፋርማሲ ታፔላ። ባልሄድ ደስ ይለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 13። ምሽት

ሄድኩ፣ እንኳንም ሄድኩ። የፋርማሲው ባለቤት አብዱረህማን ከከተማው ወጣ ብሎ ጫት አለው። በፓምፕ ያጠጣዋል። ቀለሙ እስኪደርቅ ማሳውን ልይ ብዬ ገባሁ። ከጫቱ ሥር ያለው አረም የክረምት ነው የሚመስል። የወፍ አንቁር፣ ጎርጠብ፣ አሉማ፣ እርጥብ፣ ለስላሳ። የማዳበሪያ ጆንያ ሙሉ አጨድሁ። የሰረቅሁ ይመስል አፉን ቶሎ አሰርሁት።

ሚኒባሱ ላይ ሰው ሁሉ ጫት ይዟል። እኔ አረም። ረዳቱ ጆንያውን ከፍቶ አየና፣ ወንድሜ ጫቱን ጥለህ ሣሩን ነው እንዴ የጫንከው አለኝ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቻለሁ።

ለሂ. ፎቶ ላክሁ። ሁሉም ይሆናል አባ፣ እንዴት ያምራል አለች። ጉራቻ ጠግቦ ቅጠሉ ላይ ተኛ። ቡሬ ከሣጥኗ ብቅ ብላ ጥቂት ቀምሳ ተመለሰች፤ ደርሳለች መሰል።

ዛሬ ጥሩ ቀን ነበር ደብተሬ። ተጽፎ ይቀመጥ።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ጉራቻ ሞቷል። ጠዋት ስከፍት ተዘርግቶ፣ አፉ ላይ አረፋ። አዲ በጎኗ ወድቃ ትንቀጠቀጣለች፤ ለሃጯ ደረቷን አርሶታል። ቡሬ ሣጥኗ ውስጥ ናት፣ ታያለች፣ ትተነፍሳለች።

ቅጠሉን ጠራርጌ አወጣሁ። ለአብዱረህማን ደወልሁ። የሆነውን ነገርሁት።

«ጀማል፣ ወላሂ ማጨድህን አላየሁም። ሠራተኛው ከትናንት ወዲያ ነው የተባይ መድኃኒት የረጨው። ጫቱን እንኳ ገና አልቆረጥንም፣ እስኪለቅ ብለን።»

«አልሸተተኝም» አልሁት። ዕድሜ ልኬን አኳራጅ ያሸተተ አፍንጫ ነው፤ ከዚያ ከቀለም ማቅጠኛ ሌላ ምንም አይሸተውም።

እማማ ጥሩነሽ ድምፄን ሰምተው መጡ። ምን ሆንክ አሉ፣ አዩ፣ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከሰል ወቅጠው በውሃ በጥብጠው ይዘው መጡ። አዲን በነጠላቸው አቅፈው ያዙልኝ፤ የማይነኩት ሴትዮ። እኔ በማንኪያ በጎን በኩል አፈስሳለሁ። ግማሹ ይፈስሳል። ነጩ ፀጉሯ ጠቆረ። ስድስት ሰዓት ገደማ አንዴ ተንፈራገጠች፣ አበቃ። እማማ ወዲያው አላስቀመጧትም።

ከጓሮ ቀበርኋቸው። በገዛ እጄ አጭጄ፣ ተሸክሜ፣ በልተው ሲጠግቡ እያየሁ ደስ ብሎኝ።

ዓርብ፣ ጥር 15

ቡሬ ወለደች። ስድስት። ፀጉር የላቸውም፣ ዓይን የላቸውም፣ ቀይ ጣት የሚያህሉ።

ሂ. በድምፅ ጠየቀች፤ ወለደች? ወልዳለች አልኋት። ፎቶ ላክሁ። አዲና ጉራቻስ ምን አሉ አለች። የቆየ ፎቶ ፈልጌ ላክሁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ሲበሉ።

ለዘ. እውነቱን ነገርኋት። እንዳትናገር አለችኝ፣ ዶ/ሩ ልቧን የሚያስደነግጥ ነገር አይሁን ብሏል። እሺ አልሁ። ምን ልበል።

ሰኞ፣ ጥር 18

ሁለቱ ግልገሎች ቀዝቅዘው አደሩ። ቡሬ ወተት የላትም። ያልበላች ከየት ታምጣ።

አንዲት ጎርጠብ ከመንገድ ዳር ነቀልሁ፣ አጠብሁ፣ እንደገና አጠብሁ፣ ጣልኋት። ማን ምን እንደረጨባት ምን አውቃለሁ። ቁጭ ብዬ ቀረሁ እዚያው አስፋልቱ ዳር። ባጃጅ ቆሞ ልውሰድህ ወይ አለኝ። ወዴት።

በኋላ። ለዐስር ሶላት መስጊድ ገብቼ ውዱእ ሳደርግ እግሬን የታጠብሁበትን ውሃ በዓይኔ ተከተልሁት። ከግንቡ ሥር ባለ ቀዳዳ ይወጣል። ሰግጄ ወደ ጀርባ ዞርሁ። በሩ የተቆለፈ ጠባብ ቦታ ነው። በሽቦው አሻግሬ አየሁ፤ አረንጓዴ፣ በቀን አምስት ጊዜ ውሃ የሚጠጣ መሬት።

መስጊዱን የሚጠብቁት ሐጂ ኡመር ናቸው። ጉዳዬን ነገርኋቸው፣ ለጥንቸል ብዬ ማፈሬ አልቀረም። መድኃኒት ተረጭቶበት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁ።

«እዚህ ማን ይረጫል ልጄ» አሉ። «እጨድ። ቱቦውን ብቻ እንዳትደፍንብኝ።»

ከየዓይነቱ አንድ አንድ ቅጠል መጀመሪያ እኔ አኝኬ ዋጥሁ። ጎርጠቡ ይመራል። ደጁ ላይ ተቀምጬ እስኪያመኝ ጠበቅሁ። አላመመኝም። ከዚያ ለቡሬ ሰጠኋት።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ቡሬ ትበላለች። አራቱ ግልገሎች ሆዳቸው ሞልቷል። አልሐምዱሊላህ።

ትኩሳቱም ለቀቀ። ቀን ተቆረጠ፣ የሚመጣው ረቡዕ። ደስ ሊለኝ ይገባል። ዶ/ሩ ለዘ. ሁሉንም አስረድቷታል። ቫልቩን ይጠግኑታል፣ ካልሆነ ይቀይሩታል። አብዛኞቹ ይነሳሉ፣ የማይነሱም አሉ ብሏታል። ይህን ስትነግረኝ ከሂ. ርቃ ኮሪደር ላይ ነው።

ሂ. በቪዲዮ ልያቸው አለች። ኔትወርክ የለም አልኋት። ነገስ? ነገም እንጃ። ቡሬንና ልጆቿን ቀርጬ ላክሁ። መልስ የለም።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ስልኩን ራሷ ይዛ ደወለች።

«አባ፣ የላክኸው ፎቶ የክረምት ነው። ከኋላቸው ሣሩ ረጅም ነው። ሞተዋል አይደል?»

ኔትወርኩ ይቆራረጣል አልሁ። ይህን ነው ያልሁት። ጥርት ብሎ እየተሰማኝ።

ከዚያ፣ «ዶክተሩም እማም ደህና ነሽ፣ ትድኛለሽ ነው የሚሉኝ። እነሱም እንዳንተ ነው የሚሉኝ?»

ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ ዘ. ደወለች። ምግብ አልበላም ብላለች። ለነርሷ አልገባም፣ አትውሰዱኝ፣ እንደምሞት አውቃለሁ ብላታለች። ዶ/ሩ እንዲህ ተጨንቃ ቢሆን ቀኑን ማስተላለፍ ይሻላል አለ። ከተላለፈ መቼ እንደገና ተራ እንደሚደርሳት ማንም አያውቅም። ዘ. ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክ ላይ አለቀሰች። በሕይወት አሉ በላት፣ የሚመስሏቸውን ፈልግና ቪዲዮ ላክ፣ ጥቁርና ነጭ ጥንቸል ጠፍቶ ነው አለችኝ።

እሺ አልሁ።

እሑድ፣ ጥር 24

አገኘሁ። ወደ ሂርና መውጫ ላይ አንድ ሰው ብዙ ያረባል። ምንም አልጠየቀኝም፣ ምረጥ አለኝ። ጥቁሩን አነሳሁት። ይመስላል። ስልኩን አወጣሁ። ጥቁሩ በእጄ ላይ ይንፈራገጣል፤ ጉራቻ ግን ሲታቀፍ ብብት ውስጥ ነበር የሚደበቅ። ሂ. በአንድ ዕይታ ታውቃለች። ይህን ካወቀች ደግሞ ከእንግዲህ የምላትን ምኑን ታምናለች። ረቡዕ ዕለት ቀዶ ጥገናው በር ላይ፣ አይዞሽ ስላት።

መልሼ አስቀመጥሁት። ሰውየው ምን ጎደለው አለ። ምንም አልጎደለውም አልሁ።

ነገ ቅጠል አጠራቅሜ፣ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ወደ አዲስ አበባ እሳፈራለሁ፤ እውነቱን ለሂ. ራሴ እነግራታለሁ። ለዘ. አልነገርኋትም። ትከለክለኛለች።

ሰኞ፣ ጥር 25

እማማ ጥሩነሽን ቡሬን ይጠብቁልኝ ብዬ ለመንኋቸው። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። ቅጠሉን አሳየኝ አሉ። ከመስጊዱ ጀርባ ወሰድኋቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ፤ ሐጂው ይቆጡኝ ይሆን አሉ በሹክሹክታ። ሐጂ ኡመር ሰምተው በርጩማ አመጡላቸው። ወገብዎን እንዳያምዎ ተቀምጠው ይልቀሙ አሉ። ሁለቱ ስለ ወገብ ሕመም ማውራት ጀመሩ። እኔ ግንቡን ተደግፌ አለቀስሁ። አላዩኝም፣ ወይም እንዳላዩ ሆኑ።

ማክሰኞ፣ ጥር 26። አ.አ.፣ ምሽት

ቀኑን ሙሉ መንገድ። አሰቦትን ስናልፍ ሜዳው ሁሉ ቢጫ፣ ግመሎች ቁልቋል ሲቆረጥሙ። ምን እንደምላት ስለማመድ ዋልሁ። አዋሽ ላይ ያዘጋጀሁት አዳማ ስደርስ ጠፋኝ።

ዘ. ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። ስታየኝ ገባት። እጄን ያዘች፣ እባክህ ጀማል አለች። ለቀቀችኝ።

ሂ. ከስታለች። ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ።

«ሞተዋል» አልኋት። «አዲም ጉራቻም። ከገለምሶ ያመጣሁት ቅጠል መርዝ ነበረበት። አላወቅሁም። እኔ ነኝ ያበላኋቸው።»

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ የለም። ዘ. ልትነካት ስትል እጇን ገፋች። ከጎን አልጋ ያለችው እናት ተነስታ ወጣችልን።

ሳትዞር፣ «ቆየባቸው ሕመሙ?»

«ጉራቻን አላየሁም። አዲ ቆየባት። እማማ ጥሩነሽ አቅፈዋት ነበር።»

«እማማ ጥሩነሽ?» ዞረች። አላመነችም። ከዚያ አመነች።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። «እኔስ አባ?»

ዘ. ጀማል አለች። ልጄን እያየሁ ነገርኋት፤ ዶ/ሩ ያለውን ሁሉ። አብዛኞቹ እንደሚነሱ። የማይነሱም እንዳሉ። ባይደረግ ደግሞ ልቧ እየደከመ እንደሚሄድ። እኔም እንደምፈራ።

«ሲያስተኙኝ ያመኛል?» አያምሽም አልኋት፣ መርፌው ብቻ ነው፣ ከነቃሽ በኋላ ግን ደረትሽን ያምሻል። ራሷን ነቀነቀች። ያምሻል ያልሁት ነገር ያረጋጋት መሰለኝ።

«ግልገሎቹ ስንት ናቸው?»

«ስድስት ነበሩ። አራት ቀርተዋል።»

«እሺ» አለች። «እገባለሁ።»

ሾርባ ጠጣች። ዘ. እኔን አታናግረኝም። ማንኪያውን ስትቀበለኝም አላየችኝም።

ረቡዕ፣ ጥር 27

2 ሰዓት። ወሰዷት። በሩ ድረስ እጇ በእጄ ነበር። አላለቀሰችም። እኔ ነኝ።

5 ሰዓት። ምንም። ዘ. በአንዱ ወንበር፣ እኔ በሌላው፣ መሃላችን ባዶ ወንበር።

6 ተኩል። ሰግጄ ተመለስሁ። ምንም።

8 ሰዓት። አንድ ሐኪም ወጣ። ተነሳን። የሌላ ሰው ቤተሰብ ጠርቶ ወደ ጥግ ወሰዳቸው። ሴትየዋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ዘ. ባዶው ወንበር ላይ መጥታ ተቀመጠች። ብትሞትስ አለች። ያን ነግረሃት ገብታ ብትሞትስ። ከማለዳ ጀምሮ ራሴን የምጠይቀው እሱን ነው።

9 ሰዓት አለፈ። እጄ አይጽፍም።

10 ሰዓት። ወጥታለች። ቫልቩ ተጠግኗል፣ አልተቀየረም። በመሣሪያ ነው የምትተነፍሰው። እስከ ነገ ጠዋት ድረስ ምንም አንልም አሉ። በመስታወት አሳዩን። ትንሽ ናት። እንዲህ ትንሽ መሆኗን ረስቼ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 28። ጠዋት

ቱቦውን ከአፏ አወጡላት። በራሷ ትተነፍሳለች። ነርሷ ናት የነገረችን፤ እየሄደች፣ እንደ ተራ ነገር።

አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው። ዘ. ጋውኑን ለብሳ፣ ጫማዋን አውልቃ ተዘጋጅታ ነበር። ነርሷ ተመልሳ መጣች፤ ልጅቷ ድምፅ የላትም፣ በከንፈሯ ነው፣ አባቴ ትላለች አለች። ዘ. አየችኝ። ከማክሰኞ ወዲህ መጀመሪያዋ ነው። ጋውኑን አወለቀችና በራሷ እጅ አለበሰችኝ፤ ከኋላ ያለውንም ክር አሰረችልኝ። ደረቷን ያማት እንደሆነ ጠይቃት፣ ካመማት አመመኝ ትበል፣ አትቻለው በላት አለችኝ።

እሺ አልሁ። በሩ ተከፈተ፣ እየጠሩኝ ነው፣ ደብተሬን ለዘይነባ ሰጥቼ ልግባ።